ምድር ዝርግ ናት ወይስ ድቡልቡል?

የመጀመሪያው ኹጥባ

ፀሐይን ለቀን ብርሃን፣ ጨረቃን ለወራት መቍጠሪያ፣ ከዋክብትንም ለመንገደኛ ምልክት ላደረገ ለአላህ ምስጋና ይገባው። ያላወቅነውን ከመናገር፣ ያወቅነውንም ከመደበቅ በርሱ እንጠበቃለን። ከአላህ በቀር ሌላ አምላክ እንደሌለ፣ ሙሐመድም ባሪያውና መልክተኛው እንደኾኑ እንመሰክራለን። የአላህ ሰላትና ሰላም በርሳቸው፣ በቤተ ሰዎቻቸውና በባልደረቦቻቸው ኹሉ ላይ ይኹን።

ከዚህ በኋላ፤ የአላህ ባሮች ሆይ! አላህን እንድትፈሩ ራሴንም እናንተንም አደራ እላለሁ። አላህን መፍራት ከሚገለጥባቸው ነገሮች አንዱ ምላስን መጠበቅ ነው። ምላስም የሚጠበቀው ከሐሜትና ከሐሰት ብቻ ሳይኾን፣ ያለ ዕውቀት «ሃይማኖቴ እንዲህ ይላል» ከማለትም ጭምር ነው። በሰው ስም የሐሰት ቃል የሚናገር ሰው የሚነቀፍ ከኾነ፣ በፈጣሪ ስም ያላለውን የሚናገርማ ምንኛ የባሰ ነው!

በዘመናችን ሰዎች ምድር ዝርግ ናት ወይስ ድቡልቡል በማለት ሲከራከሩ ይሰማሉ። አንደኛው ሰው፣ «ቁርኣን ምድር ተዘረጋች ይላልና፣ ድቡልቡል ናት የሚል ኹሉ መጽሐፉን አስተባብሏል» ይላል። ይህን የሚሰማው ወጣት ደግሞ በትምህርት ቤት የምድርን ክብነት በማስረጃ ተምሮ ስለ መጣ፣ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይኼዳል፤ ነገር ግን በልቡ፣ «እንግዲያውስ ማስረጃው እውነት ከኾነ መጽሐፉ ምን ሊኾን ነው?» የሚል ጥያቄ ይዞ ያድራል። ምእመናን ሆይ! ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፊተኛው ሰው ክርክሩን ያሸነፈ ይመስለዋል፤ ኋለኛው ግን ሃይማኖቱን ሊያጣ በመንገድ ላይ ነው። ሁለቱም የቆሙት በአንድ ስሕተት ላይ ነው፤ ይኸውም ቁርኣን ያላለውን አለ ብለው መያዛቸው ነው።

ይህን አደጋ ቀድመው ያዩት ኢማም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ ናቸው። እርሳቸው ከ450 እስከ 505 ዓመተ ሂጅራ የኖሩ ሲኾኑ፣ ፈላስፎችን በነቀፉበት «ተሃፉት አል-ፈላሲፋ» በተባለው መጽሐፋቸው መግቢያ ላይ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ ግርዶሽ ጽፈዋል። በሂሳብና በመስፈሪያ የተረጋገጠውን ነገር መካድ የሃይማኖት ግዴታ የሚመስለው ሰው ሃይማኖትን እንደሚጎዳ አስጠንቅቀዋል። ማስረጃውን አጥርቶ ያወቀ ሰው፣ ይህ ከሸሪዓ ጋር ይጋጫል በተባለ ጊዜ የሚጠራጠረው በሂሳቡ ሳይኾን በሸሪዓው ነውና። ሃይማኖትን ባልኾነ መንገድ የሚከላከል ሰው የሚያደርሰው ጉዳት፣ በግልጽ ከሚቃወመው ሰው ጉዳት እንደሚብስ አስረድተዋል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ነገሩን በዐይናችን እንመርምር፤ ከዚያም ወደ መጽሐፉ እንመለሳለን። ለዚህ ምርመራ የሊቃውንት መሣሪያ አያስፈልገንም። ሰጋጅና ጿሚ የኾነ ሰው በየቀኑ የሚያየው ነገር ይበቃናል።

አንደኛው ማስረጃ ከኢፍጣር የሚገኝ ነው። የሐነፊ መዝሀብ ሊቅ የነበሩት በ587 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት አል-ካሳኒ በፊቅህ መጽሐፋቸው ከመዘገቧቸው ጥያቄዎች አንዱ ስለ እስክንድርያ ሰዎች የተጠየቀው ነው። ፀሐይ በከተማው ላሉት ትገባለች፤ በከፍተኛው የመብራት ማማ ላይ ያለው ሰው ግን አሁንም ያያታል። የተሰጠው መልስ፣ በከተማው ያሉት ያፍጥሩ፣ በማማው ላይ ያለው ግን ፀሐይን እያየ አያፍጥር የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ በዘመናችን ተመልሶ መጥቷል። በዱባይ ከተማ በ2010 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ቡርጅ ኸሊፋ የተባለው ሕንፃ 828 ሜትር ከፍታ አለው። በ2011 እ.ኤ.አ. የዱባይ ሙፍቲ ሸይኽ አሕመድ አል-ሐዳድ፣ ከ80ኛው እስከ 150ኛው ፎቅ ያሉ ጿሚዎች በምድር ካሉት 2 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ 3 ደቂቃ ቆይተው እንዲያፈጥሩ ገልጸዋል።

ወንድሞቼ ሆይ! በዚህ ነገር ላይ አስተውሉ። ምድር ዝርግ ሜዳ ብትኾንና ፀሐይም ከሩቁ ዳርቻ በታች የምትወርድ ብትኾን ኖሮ፣ የአንድ ሕንፃ ቁመት ከዚያ ርቀት ጋር ሲመዛዘን ከምንም የማይቈጠር ነው፤ ልዩነቱም ከዐይን ጥቅሻ ብዙም ባልበለጠ ነበር። ነገር ግን ልዩነቱ በደቂቃ ይቈጠራል። ይህ ሊኾን የሚችለው አድማሱ ቅርብ ሲኾንና ምድሪቱም ከእግራችን ጀምራ ወደ ታች እየተጠማዘዘች ስትኼድ ብቻ ነው። ከፍ ያለ ሰው ከጥምዝዙ ባሻገር ይመለከታል፤ ዝቅ ያለው ግን ጥምዝዙ ይጋርደዋል።

ተከራካሪው፣ «ፀሐይ አትወርድም፤ በላያችን እየዞረች ስትርቅ ብቻ ትሰወራለች» ቢል፣ እንዲህ ብለን እንመልሳለን። የሚርቅ ነገር ከመሰወሩ በፊት ያንሳል። ፋኖስ የያዘ ሰው በሌሊት ከእኛ ሲርቅ መብራቱ እንደ ፍንጣሪ እስኪኾን ድረስ ያንሳል። ፀሐይ ግን በመግሪብ ጊዜ ክቧ በቀትር ከነበረው ሳያንስ፣ ከታች በኩል እየተቈረጠች፣ ግማሿ ቀርቶ፣ ከዚያም ጫፏ ቀርቶ ትገባለች። ይህ የሚርቅ ነገር መልክ ሳይኾን ከግርዶ ኋላ የሚወርድ ነገር መልክ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ከባሕር የሚገኝ ነው። በጅዳ ወይም በሱዌዝ ወደብ ቆሞ የሚኼደውን መርከብ የሚመለከት ሰው፣ በመጀመሪያ የመርከቡ አካል፣ በመጨረሻም የምሰሶው ጫፍ ሲሰወር ያያል። የሚመጣውም መርከብ በፊት ምሰሶው ይታያል፤ በኋላ አካሉ ይወጣል። ተከራካሪው፣ «ይህ የዐይን ድካም ነው» ቢል፣ በአጉሊ መነጽር ይመልከት። መነጽሩ የራቀውን ያቀርባል፤ ነገር ግን የተሸፈነውን አካል አይመልስም። ሰውየው ግን መነጽሩን ትቶ ከፍ ወዳለ ስፍራ ቢወጣ የተሰወረው ተመልሶ ይታየዋል። እንግዲህ የጐደለው የዐይን ኀይል ሳይኾን ከፍታ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ማስረጃ ከከዋክብት የሚገኝ ነው። የሰሜን ኮከብ በአዲስ አበባና በሐረር ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ከዚያ ተነሥቶ ለሐጅ የሚኼድ ሰው በመካ 21 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ያገኘዋል፤ በደማስቆ 33፣ በኢስታንቡል ደግሞ 41 ዲግሪ ይደርሳል። ወደ ደቡብ ወርዶ ዛንዚባር የደረሰ ሰው ግን ኮከቡን ፈጽሞ አያየውም። በተቃራኒው ዐረቦች ሱሀይል የሚሉት ብሩህ ኮከብ በየመንና በሒጃዝ በግልጽ ይታያል፤ በደማስቆ አድማስን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ ይላል፤ በኢስታንቡል ግን አይወጣም። ከዋክብት በዝርግ ሜዳ ላይ እንደ ተሰቀሉ ፋኖሶች ቢኾኑ ኖሮ ከሩቅ ሲታዩ ዝቅ ይሉ እንደ ኾነ እንጂ ከመሬት በታች ገብተው አይሰወሩም ነበር።

ደግሞም የከፍታው ለውጥ በሥርዐት ነው። ወደ ሰሜን 111 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ኮከቡ 1 ዲግሪ ከፍ ይልለታል፤ ጉዞውን ከየትም ቢጀምር ለውጡ ያው ነው። ይህን የሙስሊሞች ሊቃውንት በእግራቸው ኼደው ለክተውታል። ከ198 እስከ 218 ዓመተ ሂጅራ የነገሠው የዐባሲያ ኸሊፋ አል-ማእሙን የከዋክብት ሊቃውንትን ወደ ሲንጃር ሜዳ ላከ። እነርሱም የዋልታውን ከፍታ ለክተው፣ ከፊሎቹ ወደ ሰሜን፣ ከፊሎቹ ወደ ደቡብ፣ ከፍታው 1 ዲግሪ እስኪለወጥ ድረስ መንገዱን እየለኩ ተጓዙ። ከተመዘገቡት ውጤቶች ታዋቂው ለ1 ዲግሪ 56 ከሁለት ሦስተኛ የዐረብ ማይል ነው። ይህ በ360 ሲባዛ የምድር ዙሪያ 20,400 የዐረብ ማይል ይኾናል። ከዚያም በኋላ አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ፣ ዛሬ በፓኪስታን በሚገኘው በናንዳና ምሽግ፣ የአንድን ተራራ ከፍታና ከተራራው ራስ ላይ አድማሱ ዝቅ ብሎ የሚታይበትን መጠን ለክተው የምድርን ስፋት አገኙ። ያገኙትም ቍጥር ዛሬ ከሚታወቀው ብዙም የራቀ አልነበረም።

አራተኛው ማስረጃ ከሰዓት የሚገኝ ነው። ፀሐይ በመካ ከወጣች በኋላ ነው በፌዝ ከተማ የምትወጣው፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል 3 ሰዓት ያህል ልዩነት አለ። ይህም በጨረቃ ግርዶሽ ተፈትኗል። የጨረቃ ግርዶሽ ጨረቃን ለሚያዩ ኹሉ በአንድ ቅጽበት የሚኾን ነው። በ997 እ.ኤ.አ. አል-ቢሩኒ በኸዋሪዝም አገር በካት ከተማ፣ አቡ አል-ወፋእ አል-ቡዝጃኒ ደግሞ በባግዳድ ኾነው አንድን ግርዶሽ በስምምነት ተከታተሉ። ግርዶሹ አንድ ነበር፤ በየከተማው የተመዘገበው ሰዓት ግን አንድ ሰዓት ያህል ተለያየ። በዚያው ግርዶሽ ላይ ሌላ ምስክርም አለ። በጨረቃ ላይ የሚወድቀው የምድር ጥላ ጠርዙ ኹልጊዜ ክብ ነው። ሰሐን በፋኖስ ፊት ቢያዞሩት ጥላው አንዳንድ ጊዜ ክብ፣ አንዳንድ ጊዜ ሞላላ፣ አንዳንድ ጊዜም እንደ ዘንግ ቀጭን ይኾናል። በየትኛውም በኩል ቢዞር ጥላው ክብ የሚኾነው ድቡልቡል ነገር ብቻ ነው።

ተከራካሪው፣ «ነገር ግን እኔ የቆምኹበት ምድር ዝርግ ኾኖ ይታየኛል» ቢል፣ አዎን፣ እውነት ነው እንላለን። በባሕር ዳር የቆመ ሰው የሚያየው አድማስ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የምድር ዙሪያ ግን 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሰውየው ያየው ከዙሪያው ከ8,000 እጅ አንዱን ነው። በትልቅ እንስራ ላይ የምትኼድ ጉንዳን የምታውቀው በእግሮቿ ሥር ያለውን ያህል ነው፤ ስለ እንስራው ቅርጽ ብትጠየቅ ዝርግ ነው ብትል አትዋሽም፤ ነገር ግን አልደረሰችበትም።

«ድቡልቡል ብትኾን ከበታች ያሉት ሰዎች በወደቁ፣ ባሕሩም በፈሰሰ ነበር» ቢል፣ ወዴት ይወድቃሉ? ብለን እንጠይቀዋለን። ታች ማለት አላህ ባደረገው የመሳሳብ ሕግ ነገር ኹሉ የሚሳብበት አቅጣጫ ነው፤ ይህም ከየትኛውም ስፍራ ወደ ምድር መካከል ነው። ሸይኽ አል-ኢስላም ኢብን ተይሚያ ከ661 እስከ 728 ዓመተ ሂጅራ በኖሩበት ዘመን ይህንኑ አስረድተዋል፤ የድቡልቡል ነገር የመጨረሻው ታች መካከሉ ነውና፣ በሌላው በኩል ያለ ሰው ከእኛ በታች ነው አይባልም ብለዋል። በዚያ ያለውም ሰው እንደኛ እግሩ በምድር፣ ራሱ ወደ ሰማይ ነው።

የአላህ ባሮች ሆይ! አሁን ወደ መጽሐፉ እንመለስ። በአል-ጋሺያ ምዕራፍ አላህ ሰዎች ግመልን እንዴት እንደ ተፈጠረ፣ ሰማይን እንዴት ከፍ እንዳለ፣ ተራራዎችን እንዴት እንደ ቆሙ፣ ምድርንም እንዴት እንደ ተዘረጋች እንዲመለከቱ ይጠራቸዋል። በኑሕ ምዕራፍም ምድርን ምንጣፍ እንዳደረገልን ያስታውሰናል። ይህ ኹሉ እውነት ነው። ጥሪው በበረሃ በግመሉ ላይ ተቀምጦ ወደ ላይ፣ ወደ ጐን፣ ወደ ታች ለሚመለከት ሰው ነው። መልእክቱም ምድር ለመኼጃ፣ ለመኝታና ለእርሻ የተመቸች መኾኗ ነው እንጂ ስለ ጠቅላላ ቅርጿ የተሰጠ ትርጓሜ አይደለም። በ606 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ታላቁ ሙፈሲር ፈኽረዲን አል-ራዚ፣ ድቡልቡል ነገር እጅግ ትልቅ በኾነ ጊዜ እያንዳንዱ ክፍሉ እንደ ዝርግ ኾኖ እንደሚታይ ገልጸው፣ በመዘርጋትና በክብነት መካከል ግጭት የለም ብለዋል። የዙልቀርነይንን ታሪክ በሚነግረው በአል-ከህፍ ምዕራፍ ደግሞ ፀሐይ በምንጭ ውስጥ ስትጠልቅ እንዳገኛት ተወስቷል። አል-ራዚና ኢብን ከሲር ይህን ለተመልካቹ ዐይን እንደ ታየው ተርጕመውታል፤ በባሕር ዳር የቆመ ሰው ኹሉ ፀሐይ ወደ ውሃው ስትገባ ያያታልና።

በሌላ በኩል በአል-ዙመር ምዕራፍ አላህ ሌሊትን በቀን ላይ፣ ቀንንም በሌሊት ላይ እንደሚጠቀልል ይነግረናል። በዐረብኛው የተነገረው ቃል ጥምጥም በራስ ላይ ለመጠምጠም የሚነገር ቃል ነው። ኢብን ሐዝም በዚህ አንቀጽ ለምድር ክብነት ማስረጃ አድርገውበታል። ከ384 እስከ 456 ዓመተ ሂጅራ የኖሩት እኚህ ሊቅ፣ ከሙስሊሞች ኢማሞች መካከል የምድርን ክብነት የካደ አንድም እንደሌለ ጽፈዋል። ከርሳቸው በፊት በ336 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት አቡ አል-ሑሰይን ኢብን አል-ሙናዲ የሊቃውንትን ስምምነት ዘግበዋል፤ ኢብን ተይሚያም ይህን ከርሳቸው አስተላልፈዋል። ማስረጃውም ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት በምሥራቅ ላሉት ከምዕራቦቹ ቀድመው መውጣታቸው ነው።

እውነትን ግን ሳንሸሽግ እንናገር። በተፍሲር አል-ጀላለይን በአል-ጋሺያ ምዕራፍ ማብራሪያ፣ ምድር ዝርግ ናት የሚለው ቃል ተጽፎ ይገኛል። ይህን የጻፉት ጀላሉዲን አል-መሐሊ የተከበሩ ሊቅ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። ነገር ግን የተናገሩት አስተያየታቸውን ነው እንጂ የወረደላቸውን ራእይ አይደለም። ሊቅ ሊሳሳት ይችላል፤ ስሕተቱም ማዕርጉን አያጠፋውም፤ ማዕርጉም ስሕተቱን እውነት አያደርገውም።

ይህን ብዬ ለእናንተም ለራሴም የአላህን ምሕረት እለምናለሁ፤ እናንተም ለምኑት፤ እርሱ መሓሪና አዛኝ ነው።

ሁለተኛው ኹጥባ

ምስጋና ኹሉ ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም ለመልክተኛው ይኹን።

ምእመናን ሆይ! ምናልባት ከመካከላችሁ አንድ ሰው፣ «ምድር ዝርግም ኾነች ድቡልቡል፣ ለሶላቴ ምን ይጠቅመኛል?» ይል ይኾናል። ለሶላቱ ይጠቅመዋል እንለዋለን። በሰሜን አሜሪካ በኒው ዮርክ ከተማ የሚኖር ሙስሊም የቂብላው አቅጣጫ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ መካ ግን ከርሱ ይልቅ ወደ ደቡብ የምትገኝ ከተማ ናት። በዝርግ ካርታ ላይ የሚመለከት ሰው በዚህ ይገረማል። በድቡልቡል የምድር ምስል ላይ ከከተማው እስከ ከዕባ ክር ወጥሮ ቢያይ ግን አጭሩ መንገድ በሰሜን በኩል እንደሚያልፍ ይገነዘባል። የቀድሞ ሊቃውንት የቂብላን ሂሳብ ያራቀቁት ምድርን ድቡልቡል አድርገው በመያዝ ነው።

ይህንም በዐይናችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 28 እና ጁላይ 16 ገደማ፣ በከዕባ አናት ላይ ትቆማለች። ሰዓቱ በመካ ከቀትር በኋላ 12 ሰዓት ከ18 ደቂቃና 12 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ሲኾን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 እና 6 ሰዓት ከ27 መኾኑ ነው። በዚያ ቅጽበት ፀሐይን የሚያይ ሰው ኹሉ ፊቱን ወደ ፀሐይ ሲያዞር ፊቱ ወደ ቂብላ ነው። በአዲስ አበባ ቀጥ ያለ ዘንግ ቢተከል ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ቂብላውም በሰሜን ነው። በዚያው ቅጽበት በሌላው የምድር ገጽ ሌሊት ስለ ኾነ በዚያ ያሉት ፀሐይን አያዩአትም። ምድር አንድ ዝርግ ገበታ ብትኾንና ፀሐይ በገበታው ላይ ብትቆም ኖሮ ከገበታው ማን በጨለማ ይቀር ነበር?

ቀደምት ሊቃውንቶቻችን የዚህን ነገር ውጤት ከመመርመር አልፈሩም። ከ672 እስከ 732 ዓመተ ሂጅራ የኖሩት የሐማ ገዥና የመልክዐ ምድር ሊቅ አቡ አል-ፊዳእ፣ ሦስት ሰዎች ቢለያዩ፣ አንዱ በስፍራው ቢቆይ፣ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱም ወደ ምዕራብ ምድርን ዞረው ቢመለሱ፣ የቀን ቍጥራቸው እንደማይስማማ ጻፉ። ወደ ምዕራብ የኼደው አንድ ቀን ይጐድለዋል፤ ወደ ምሥራቅ የኼደው አንድ ቀን ይበልጥበታል። ለአንዱ ጁሙዓ የኾነው ለሌላው ኀሙስ ወይም ቅዳሜ ይኾናል። ይህን ከጻፉ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ከ1519 እስከ 1522 እ.ኤ.አ. ምድርን በምዕራብ በኩል የዞሩት የእስፓኝ መርከበኞች ወደ ኬፕ ቨርድ ደሴቶች በደረሱ ጊዜ፣ ለእነርሱ ረቡዕ የነበረው ቀን በየብስ ላሉት ኀሙስ ኾኖ አገኙት። ሊቁ በጥናት ክፍላቸው ተቀምጠው ያሰቡት በባሕር ላይ ተፈጸመ።

«ይህ የፈረንጆች ወሬ ነው፤ ከሰማይ የተነሣውንም ሥዕል አላምንም» የሚል ሰው ቢኖር፣ እኛ እስካሁን በሥዕል አልተደገፍንም። የተደገፍነው በኢፍጣር፣ በመርከብ፣ በከዋክብትና በጥላ ነው። ኾኖም ለሚፈልግ ሰው ሙስሊም ምስክርም አለው፤ የሳዑዲው ልዑል ሱልጣን ቢን ሰልማን በጁን 1985 እ.ኤ.አ. ወደ ጠፈር ወጥተው ምድርን ከላይ ተመልክተዋል።

ወንድሞቼ ሆይ! ከዚህ ክርክር ሦስት አደራዎችን ይዛችሁ ኺዱ።

አንደኛው አደራ፣ ስለ ምድር ቅርጽ በተሳሳተ ሰው ላይ አትፍረዱ። ዝርግ ናት የሚል ሙስሊም ሶላቱን እስከ ሰገደ ድረስ ወንድማችሁ ነው፤ በዚህ ምክንያት ማንም ከእስልምና አይወጣም። ነገር ግን፣ «ይህ የሃይማኖቴ ቃል ነው፤ ሌላውን የሚል ከሓዲ ነው» ሲል ዝም አትበሉት፤ በለሰለሰ አንደበት ማስረጃውን አሳዩት።

ሁለተኛው አደራ፣ ለሃይማኖት ቀንታችሁ በሃይማኖት ላይ አትጨምሩ። አንዳንድ ሰባኪዎች በአል-ናዚዓት ምዕራፍ ምድርን ስለ መዘርጋት የተነገረው ቃል የሰጎን ዕንቁላል ማለት ነው ይላሉ። ቃሉ በዐረቦች ቋንቋ መዘርጋትና ማስተካከል ማለት ነው፤ ከዚሁ ሥር የሚወጣው ስም ሰጎን ዕንቁላል ለመጣል አስተካክላ የምታዘጋጀውን ስፍራ እንጂ ዕንቁላሉን አያመለክትም። ቁርኣን እውነት ለመኾኑ የእኛ ጥገና አያስፈልገውም። ዛሬ በደካማ ማስረጃ የተደሰተ ወጣት፣ ነገ ድካሙን ሲያውቅ ጠንካራውንም ማስረጃ ይጠራጠራል። ቁርኣን የመምሪያ መጽሐፍ ነው፤ ዐይንና አእምሮም የሰጠን ያው መጽሐፉን ያወረደው አላህ ነው፤ የርሱም ስጦታዎች እርስ በርሳቸው አይካሰሱም።

ሦስተኛው አደራ፣ የነቢያችሁን ፈለግ ተከተሉ። በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በ632 እ.ኤ.አ. ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ጠቈረች። ሰዎቹም ፀሐይ የተጋረደችው ስለ ኢብራሂም ሞት ነው አሉ። ያ ቀን ሐሰተኛ ነቢይ ቢኾን የሚመኘው ቀን ነበር፤ ዝም ቢሉ ብቻ ክብራቸው በሰው ዘንድ በጨመረ ነበር። እርሳቸው ግን (የአላህ ሰላትና ሰላም በርሳቸው ላይ ይኹን) በሐዘናቸው መካከል ቆመው፣ ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች እንደ ኾኑና ለማንም ሰው ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ አስታወቁ፤ ሰዎቹንም ወደ ሶላት ጠሩ። ለርሳቸው ክብር ተብሎ የተነገረውን እውነት ያልኾነ ነገር ያልተቀበሉ ነቢይ፣ ለሃይማኖታቸው ክብር ተብሎ የሚነገረውን እውነት ያልኾነ ነገር እንዴት ይወዱታል?

በመጨረሻም ድቡልቡል በኾነች ምድር ላይ የአላህ ባሮች እንዴት እንደሚሰግዱ አስቡ። ፀሐይ በአንዱ አገር ስትገባ በሌላው ትወጣለች። በኢንዶኔዥያ የሱብሒ አዛን ተሰምቶ ሲያበቃ በሕንድ ይጀምራል፤ ከዚያም በዐረብ አገር፣ በሐበሻ፣ በመግሪብ፣ ከውቅያኖስም ማዶ ይከተላል። አንዱ ሲሰግድ ሌላው ይተኛል፤ አንዱ ሲያፈጥር ሌላው ሱሑር ይበላል። አላህ የሚወደስባት ድምፅ ከምድር ላይ አንዲት ሰዓት እንኳ አትቋረጥም። ሰጋጆቹም ሰልፋቸው በከዕባ ዙሪያ ክብ እንደ ኾነ ኹሉ፣ በምድርም ላይ ከየአቅጣጫው ወደ አንድ ስፍራ የዞረ አንድ ታላቅ ክብ ነው።

አላህ ሆይ! እውነትን እውነት አድርገህ አሳየን፤ እርሱንም መከተልን ስጠን። የልጆቻችንን እምነት ከአላዋቂ ሰባኪና ከትዕቢተኛ ተከራካሪ ጠብቅ። ዕውቀታችንን ለመታበያ ሳይኾን አንተን ለመፍሪያ አድርግልን። ላስተማሩን ሊቃውንት፣ ለወላጆቻችንና በምሥራቅም በምዕራብም ላሉ ሙስሊሞች ኹሉ ማር። ዱዓችንን ተቀበለን፤ አሚን።